ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል አያልነህ ወረታ ደረሰ። የፎገራ ሜዳ ገና ከውሃ አልወጣም ነበር። ርብና ጉማራ ክረምቱን ሙሉ ያወረዱት ውሃ ከመንገዱ ግርጌ ጀምሮ እስከ ጣና ድረስ ተንጣሎ ተኝቷል። ማለዳ ላይ ሰማዩ ከነደመናው ሜዳው ላይ ይወርዳል። ሽመላዎቹ ደመና ላይ የቆሙ ይመስላሉ። በሩቁ ታንኳውን እየገፋ የሚያልፈው ሰው በውሃ ላይ ይሂድ በአየር ላይ አይለይም።

አያልነህ የአንበሳሜ ልጅ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቆ የእንስሳት በሽታ በሚያጠና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም። የፎገራ ከብት ውሃው ከሸሸ በኋላ በየዓመቱ ለምን እየከሳ እንደሚያልቅ እንዲያጠና ነበር የተላከው። ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየና በየማለዳው በበቅሎ ሜዳው ዳር ወዳለችው የቁሐር ሚካኤል መንደር መውረድ ጀመረ።

አንድ ቀን ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከውሃው ጠርዝ ቀንድ አውጣ እየለቀመ ቆርቆሮ ውስጥ ሲጨምር ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማ።

«ጌታው፣ ሊበሉት ነው?»

ዘወር አለ። አንዲት ወጣት ሴት ግንባሯ ነጭ የሆነ ጥቁር ላም በገመድ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አይስቅም፤ ዓይኗ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«አልበላውም» አለ አያልነህ። «ላጠናው ነው።»

«እኛ አገር የሚጠናው ዳዊት ነው።»

አያልነህ ሳቀ። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀና አለ። «ከብቶቻችሁ ለምን እንደሚሞቱ ማወቅ እፈልጋለሁ። ነገሩ ከዚህ ከውሃው ሳይሆን አይቀርም።»

በዓይኗ ውስጥ የነበረው ሳቅ ጠፋ። እጇን ወደ ላሚቱ አንገት ሰደደች።

«ሲያውቁት ይነግሩናል?»

«እነግራችኋለሁ» አላት፤ እንደ ዋዛ፣ ሰው ደህና ዋሉ እንደሚል።

ስሟ ጥሩብርሃን ነው። በልጅነቷ ይፋግ ተድራ፣ ባሏን ፈታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች የሃያ ዓመት ሴት ናት። ከትዳሯ ይዛ የወጣችው ይህችን ላም ብቻ ነው፤ ቦቂት ትላታለች። አባቷ አያ በላቸው በቁሐር ሚካኤል ቃላቸው የሚሰማ ገበሬ ናቸው። የክርስትና አባቷ የኔታ ተክለ ማርያም ደግሞ ከደብሩ ተማሪዎች ጎን አስቀምጠው ፊደል አስቆጥረዋታል፤ ዳዊትም ደግማለች።

አያልነህ ከብቱን እየዞረ ማየት እንደሚፈልግ ሲናገር መንደሩ በሙሉ አያ በላቸውን አየ። እሳቸውም የበረታቸውን በር ራሳቸው ከፈቱለት። ከዚያ በኋላ ማንም አልከለከለውም። ስንት ላም፣ ስንት በሬ፣ ስንት ጥጃ እንዳለ ጻፈ። ከአንገታቸው ደም ቀዳ፤ አዛባቸውን በብልቃጥ ያዘ። ለዐውደ ዓመት በታረደ ቁጥር ጉበቱን አገላብጦ አየ።

ጥሩብርሃን የከብቶቹን ቀንድ ትይዝለት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ወዲያው አይሄዱም። በረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ውሃው በየቀኑ ወደ ጣና እየሸሸ ጥቁር አፈር ትቶ ሲሄድ፣ ከአፈሩም ላይ ሣር እንደ ጭስ ቀጥኖ ሲወጣ ያያሉ።

«ልጅ ሆኜ» አላት አንድ ቀን፣ «ከአንበሳሜ ላይ ሆኜ ይሄን ሜዳ ሳየው ሌላ ሰማይ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስለኝ ነበር። ሰው ይኖርበታል ብዬ አላስብም።»

ጥሩብርሃን አንበሳሜ ወዳለበት ወደ ደራ ተራሮች ቀና ብላ አየች። ሰማያዊ ሆነው ከደመናው ጋር ተጣብቀዋል።

«እኔም እናንተን እንደዚያው ነበር የማስበው» አለች። «ተራራው ሰማያዊ ስለሆነ ሰዎቹም ሰማያዊ ይመስሉኝ ነበር።»

ተያዩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

በሰኔ ዝናቡ ሲከብድ አያልነህ ብልቃጦቹን በሣጥን አሽጎ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ተነሣ። ልትሰናበተው እስከ መንገዱ ወጣች። ካፊያው ነጠላዋን አርሶ ጸጉሯ ላይ አጣብቆታል።

«ይመለሳሉ?»

«እመለሳለሁ።»

ሌላ አልተባባሉም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስተዋቱ ላይ የሚወርደው ውሃ መልኳን አፈሰሰው፤ ከዚያ መንገዱም፣ ዛፉም፣ እሷም አንድ ላይ ግራጫ ሆኑ።

*

በነሐሴ ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ከብቱን የሚገድለው የጉበት ትል ነው። የትሉ ዕንቁላል ከከብቱ አዛባ ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃው ጠርዝ ያለው ለምለም ሣር ላይ ይጣበቃል። ከብቱም ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። አያልነህ ይህን ሁሉ በፈረንጅ አፍ ጻፈው። በአንድ ትልቅ አዳራሽ በምሁራን ፊት አነበበው። ተጨበጨበለት። የውጭ አገር ሰዎች እጁን ጨበጡት። ጽሑፉ እስኪታተም ጥቂት ወራት ቆየ፤ ሌሎች ሥራዎችም ያዙት። ጭብጨባው መሐል ግን የጥሩብርሃን ፊት ታይቶት ነበር። ስትሰማ ደስ እንደሚላት እርግጠኛ ነበር።

በ1958 የካቲት ወረታ ወርዶ ሳያርፍ ወደ ቁሐር ሚካኤል ገሠገሠ። ከደጃቸው አገኛት። ከስታለች።

«ተገኘ» አላት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፤ የታተመውን ጽሑፍ ዘረጋላት። «ሁሉም እዚህ አለ።»

ጥሩብርሃን ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ፊደሉ የምታውቀው ፊደል አይደለም። መልሳ ሰጠችው።

«ምንድን ነው የሚለው?»

ነገራት። ስለ ቀንድ አውጣው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃው ጠርዝ። እየተናገረ ሳለ ፊቷ እየጠፋበት መጣ።

«መች አወቁት?»

«በነሐሴ።»

«ቦቂት ለጥምቀት ሞተች» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «መንጋጋዋ ሥር አብጦ፣ አጥንቷ ተቆጥሮ። ውሃው ሲሸሽ ከሁሉ ለምለሙን ሣር ትብላልኝ ብዬ በየቀኑ ጠርዙ ድረስ የምነዳት እኔ ነበርኩ። ከነሐሴ በኋላ ነው የነዳኋት፣ ጌታው። እርስዎ ካወቁት በኋላ።»

አያልነህ ወረቀቱን አጠፈው። ከቤት ውስጥ እናቷ ማናዬ ጠሯት፤ ሳትሰናበተው ገባች።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። አያልነህ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ፊቱን ታጥቦ ገበያው መሐል ድንጋይ ላይ ቆመ። በአዳራሹ የተናገረውን በአማርኛ መናገር ጀመረ። ስለ ጥገኛ ተሐዋስያን የሕይወት ዑደት፣ ስለ አስተላላፊ እንስሳት፣ ስለ መቶኛ ስሌት። አንዲት በርበሬ ሻጭ ጎረቤቷን «ምንድን ነው የሚሸጠው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማ።

መንግሥቴ የሚባል የአያ በላቸው ጎረቤት ከሰዉ መሐል ወጣ።

«ዓምና በረታችን እየገባህ ከብታችንን ስትቆጥር ነበር። ለዚህ ነው ወይስ ለግብር?»

«ለጥናት ነው።»

«ጥናቱን ማን አነበበው?»

«አዲስ አበባ ያሉ ሊቃውንት... ውጭ አገርም።»

«እንግዲያ ለእነሱ ንገራቸው» አለና መንግሥቴ ጀርባውን ሰጠው። ሰዉም አብሮት ተበተነ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር መንደሩን አዳረሰ፤ ልጁ የከብት ግብር ሊያስጥልብን የመጣ ሰላይ ነው ተባለ። በረቱን ያስከፈቱት አያ በላቸው ናቸው የሚለው ንግግር በየቤቱ ተነገረ። አያ በላቸውም አያልነህን ደጃቸው ላይ አስቁመው «እኔ ሰው መስለኸኝ ነው» አሉት። «ሰው ፊት አዋረድኸኝ። ሁለተኛ ከዚህ ቤት እንዳትደርስ።» ጥሩብርሃን ከኋላቸው ቆማ ነበር። አላየችውም፤ መሬቱን ነበር የምታየው።

*

አያልነህ መመለስ ይችል ነበር፤ ሥራው አልቋል፤ ጽሑፉ ታትሟል። አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ በደረቀው ሜዳ ላይ ሲዞር ውሎ የሚካኤል ደብር ዛፎች ጥላ ውስጥ ገባ። የኔታ ተክለ ማርያም ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሞ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ የጥሩብርሃንን ጥያቄ እንኳ አልደበቀም።

«ያገኘኸውን ለእኔ ንገረኝ» አሉት።

ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«ግማሹ አማርኛ አይደለም» አሉ ሲጨርስ። «ግማሹ ደግሞ አማርኛ ሆኖ ሳለ አልገባኝም። እኔ ቅኔ ሳስተምር ተማሪዬ ካልገባው መጀመሪያ የምጠረጥረው የራሴን አፍ ነው።» ዓይናቸውን ከፈቱ። «ጥያቄው የጥሩብርሃን ነበር። መልሱንም ለእሷ አድርስ። እዚህ፣ በእኔ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። ለበላቸው እኔ እነግረዋለሁ።»

አያ በላቸው የኔታን እምቢ ማለት አልቻሉም። ጥሩብርሃን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣችና ከአያልነህ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የኔታ ከዛፉ ማዶ ዳዊታቸውን ገለጡ።

«ይናገሩ» አለችው።

«መጀመሪያ ስለ ቦቂት...»

«ቦቂትን መመለስ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያ ስለ ትሉ ይንገሩኝ።»

ጀመረ። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አስቆመችው።

«ጥገኛ ተሐዋስያን ማን ነው?»

«ትሉ።»

«ትል ይበሉት እንግዲያ።»

እንዲህ እየሆነ ቀኖቹ አለፉ። እሱ ይናገራል፤ እሷ ታስቆመዋለች። ትሉ ዓይን አለው? እንዴት ቀንድ አውጣውን ያገኘዋል? ሣሩ ከደረቀስ ይሞታል? ሰው ውሃውን ቢጠጣስ? አንዳንዱን ይመልሳል። አንዳንዱን «አላውቅም» ይላል፤ ያን ጊዜ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ዓይኗም ቀስ በቀስ የድሮውን ለስላሳነት እየያዘ ይመጣል። በአዳራሹ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት አያውቅም ነበር። ማታ ወደ ወረታ ሲመለስ ቃላቱን እየቀየረ፣ እያሳጠረ፣ ለበቅሎው እንኳ እየተናገረ ይሄዳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ ያሰበው ነገር ለእሷ ሲነግራት ለራሱም አዲስ ይሆንበታል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችው።

«ሁሉም ገብቶኛል። ግን አላየሁትም። ሳላየው እንዴት ለሰው ልናገር?»

በማግሥቱ ወረታ ክፍሉ ያስቀመጠውን ማይክሮስኮፕ ከነሣጥኑ በበቅሎ ጭኖ መጣ። የማይደርቅ ኩሬ ጋ ሄዶ ቀንድ አውጣ አመጣ። ማይክሮስኮፑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆመው፤ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስታወት ወደ ፀሐይ አዞረ። ቀንድ አውጣውን ሰብሮ ጠብታ ውሃ ላይ አደረገው።

«አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚና እይ።»

ጥሩብርሃን ጎንበስ አለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ፤ አላነሣችውም። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። ንቦች በዛፉ አበባ ላይ ይዘምራሉ። አያልነህ ከአንገቷ ሥር የሚታየውን የማዕተቧን ክር ሲያይ ቆይቶ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

«ይዋኛል» አለች በሹክሹክታ። «ጭራ አለው።»

«አዎ።»

«ቦቂትን የገደላት ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

ቀና ስትል ሽፋሽፍቷ ርሷል። እንባዋን ግን አልጠረገችም።

«አያልነህ» አለችው። ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። «አንተ ቀኑን ሙሉ ብትናገር ሰው አያምንህም። ይሄን ግን በዓይኑ ይየው። ሁሉም ይየው።»

አያልነህ ከተናገረችው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሰማው። አንቱ ስትለው ከርማ አንተ ብላዋለች።

*

የግንቦት ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ዛፎች ሥር ተሰበሰበ። የዝክሩ በሬ ታርዷል። አያልነህ ድንጋይ ላይ አልወጣም፤ ንግግርም አላደረገም። ማይክሮስኮፑን ፀሐይ ካለበት አስቀምጦ ከአጠገቡ ተቀመጠ። የኔታ መጀመሪያ አዩ። አማተቡና «ኑ እዩ» አሉ።

ማንም አልተነሣም። ከሴቶቹ መሐል ማናዬ፣ የጥሩብርሃን እናት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ፤ እንደገና ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሴቶቹ ተከታተሉ። ጥሩብርሃን ከጎናቸው ቆማ ትነግራቸዋለች፤ ወንዶቹም ለመስማት ቀረብ ቀረብ አሉ። «ይሄ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ላይ ይወጣል። ላማችሁ ትበላዋለች። ጉበቷ ውስጥ ገብቶ ቅጠል ያህላል።»

በሬውን ያረደው ሰው ጉበቱን ቢላዋ ላይ አድርጎ አመጣ። ሲሰነጥቁት ትሉ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። ሁሉም ያውቁታል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እየቆረጡ ሲጥሉት ኖረዋል። ከየት እንደሚመጣ ግን የነገራቸው አልነበረም። ዝም አሉ። ያ ዝምታ አያልነህ ከሰማው ጭብጨባ ሁሉ ይከብድ ነበር።

መንግሥቴ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና አለ።

«እሺ፣ አየሁት» አለ። «ሣሩን ትተን ምን እናብላ? እሱንስ መጽሐፍህ ላይ ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም» አለ አያልነህ። «አላውቅም። ትሉ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሣሩ በደንብ ከደረቀ እንደሚሞት አውቃለሁ። ከብቱን ምን እንደምታበሉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ብትነግሩኝ አብረን እናስበው።»

ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዱ ስለ ጓያ ገለባ ተናገረ፤ ሌላው ሣሩን አጭዶ ፀሐይ ላይ ስለማድረቅ አነሣ። ሌላውም ውሃው ርቆ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ጠርዙ ይከለከል አለ። ክርክሩ እየሞቀ ሄደ። ውሃ የማይደርስበት የላይ መሬት የሌለው ከብቱን የት ያውል የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

እስከዚያ ያልተናገሩት አያ በላቸው ተነሡ። በቀስታ ሄደው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። ሰዉ ጠበቃቸው።

«ከመንገዱ በላይ ያለው የእኔ መስክ» አሉ ቀና ሲሉ፣ «ዘንድሮ ለሁላችንም ይሁን።» ከዚያ ወደ አያልነህ ዞሩ። «በረቴን ከፍቼልህ ዘጋሁብህ። ነገ ና።»

*

ክረምቱ መጣ፤ ሜዳው እንደገና ሰማይ ሆነ። መስከረም ላይ ውሃው ወደ ጣና መሸሽ ሲጀምር ከጠርዙ ላይ አንገቱን የደፋ ከብት እንደ ድሮው አልታየም። ቃሉን ያልጠበቀም ነበር፤ ሌሊት ነድቶ የሚያበላም አልጠፋም፤ የሞተም ከብት አለ። የብዙው ቤት በረት ግን በጥምቀት ሙሉ ነበር። የናበጋና የይፋግ ሰዎች ሊጠይቁ ሲመጡ የሚያስረዳቸው መንግሥቴ ሆነ። ጓያ ገለባውን ከራሱ ቃላት ጋር ጨምሮበት፣ ከአያልነህ ይልቅ አሳምሮ ይነግራቸዋል።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ፤ አያልነህ ወደ አዋሽ እንዲሄድ። እዚያም ከብት እያለቀ ነው።

ጥሩብርሃንን ከበረቱ አጥር አጠገብ አገኛት። ነገራት። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር፤ ከብቶቹ ግማሽ አካላቸው ብቻ ይታያል፤ እግር የሌላቸው ሆነው በነጭ ላይ ይንሳፈፋሉ።

«አልሄድም ልላቸው ነው» አለ።

«ለምን?»

«እዚህ ሥራ አለ።»

«እዚህ ያለው ሥራ አሁን የመንግሥቴና የአባቴ ነው» አለች። «አውቀውታል። ያንተ አዋሽ ነው ያለው።»

«አንቺን ትቼ አልሄድም።»

ጥሩብርሃን ወደ ጭጋጉ ስታይ ቆየች። አንዲት ጥጃ እናቷን ስትጣራ ተሰማ።

«ትተኸኝ ሂድ ያለህ ማን ነው?» አለችው።

የኔታ ተክለ ማርያምና ከአንበሳሜ የመጡት አጎቱ ለሽምግልና አያ በላቸው ደጅ ቆሙ። አያ በላቸው ልጃቸውን አስጠሯት። «ያን ጊዜ ስድርሽ አልጠየቅሁሽም፤ አሁን ልጠይቅሽ» አሏት። እሷም መለሰች። በየካቲት መጀመሪያ በቁሐር ሚካኤል፣ ብዙ ድግስ ሳይደገስ፣ ተጋቡ።

ከወረታ አውቶቡስ ሲሳፈሩ አያ በላቸው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ማናዬ ዳቦ በመሶብ አድርገው በመስኮቱ አቀበሉ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። አውቶቡሱ ሲነሣ ጥሩብርሃን አላለቀሰችም። ሜዳው በመስኮቱ ሲያልፍ፣ ጉማራ ሲያልፍ፣ ያቺ ሁሌ ሰማያዊ የነበረች ተራራ ቀርባ ድንጋይዋና ዛፏ ሲለይ እያየች ብዙ መንገድ ሄደች። እጇ በእጁ ውስጥ ነበር።

«አያልነህ።»

«ወይ።»

«አዋሽ ያሉት ሰዎች ምን ቋንቋ ይናገራሉ?»

«አፋርኛ።»

«ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

ጥሩብርሃን ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«እንግዲያ መጀመሪያ እሱን እንማራለን» አለች።